ንጉሡ ዖዝያን በሞተበት ዓመት

ሰላም ወገኖች፣ ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ። ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት ነገር ብዙ ጊዜ ልቤ ውስጥ ሲመላለስ የነበረ ነው፣ ትንሽ ረዘም ቢልም እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ነቢዩ ኢሳይያስ ጌታን በዙፋኑ ላይ ያየበት ያ ታላቅ ራእይ መቼ እንደሆነ ሲነግረን ወርና ቀን አይጠራም። ንጉሡ ዖዝያን በሞተበት ዓመት ነው የሚለው (ኢሳ 6፥1)። እኛም እኮ እንደዛ እናስታውሳለን፣ እገሌ የሞተ ዓመት፣ እገሊት ያረፈች ጊዜ እያልን።

እኔ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 2020 ሲነሳ ከወረርሽኙ ቀጥሎ የሚመጣብኝ የሰዎች ስም ነው። ገና ጃንዋሪ ሳያልቅ የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ኮቢ ብራያንት ከ13 ዓመት ልጁ ከጂያናና ከሌሎች ሰባት ሰዎች ጋር በሄሊኮፕተር አደጋ ሄደ፣ 41 ዓመቱ ነበር። ከአንድ ቀን በፊት ማታ ሌላው ተጫዋች ሌብሮን ጀምስ በጠቅላላ ባስቆጠረው ነጥብ ሲበልጠው አመስግኖ ጽፎለት ነበር፣ አደጋው በደረሰበት እሁድ ጠዋት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ነበር። ፌብሩዋሪ ላይ ስለ አዲሱ በሽታ የሙያ ጓደኞቹን ያስጠነቀቀው የዉሃን የዓይን ሐኪም ሊ ዌንሊያንግ በዚያው በሽታ በ33 ዓመቱ ሞተ። በዚያው ወር የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት የናሳ የሂሳብ ሊቅ ካትሪን ጆንሰን በ101 ዓመቷ አረፈች። ጁላይ 17 ላይ ደግሞ በአንድ ቀን ሁለት ሰዎች ሄዱ፣ የሲቪል መብት ታጋዩ ጆን ሉዊስና የሥነ መለኮት መምህሩ ጄ. አይ. ፓከር። ፓከር ዕድሜውን ሙሉ ሲያነብና ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ግን ዓይኑ ደክሞ ማንበብም መጻፍም አልቻለም ነበር። ኦገስት ላይ ተዋናዩ ቻድዊክ ቦዝማን፣ ኖቬምበር ላይ የእግር ኳሱ ማራዶና።

ያኔ እኛ ምን አደረግን? ፎቶ ሼር አደረግን፣ ነፍስ ይማር ብለን ጻፍን፣ ከዛ ደግሞ ኮመንት ውስጥ ገብተን ፍርድ ጀመርን፣ ይሄኛው ድኗል ያኛው አልዳነም፣ ይሄኛው እንዲህ ነበር ያቺኛዋ እንዲያ ነበረች እያልን ገና ቀብር ሳይደርስ ዙፋኑን እኛ ተቀመጥንበት። እኔም አድርጌዋለሁ፣ ማራዶና የሞተ ቀን ለጓደኛዬ የጻፍኩለትን መልዕክት ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

አሁን ወደ ዖዝያን እንመለስ፣ 2ኛ ዜና መዋዕል 26ን አንብቡት። በ16 ዓመቱ ነግሶ 52 ዓመት ገዛ። ግንብ ሰራ፣ ብዙ ጉድጓድ ቆፈረ፣ ብዙ ከብት ነበረው፣ እርሻ ይወድ ነበር ይላል ቃሉ (ይቺን ነገር በጣም ነው የምወዳት፣ አፈር የሚወድ ንጉሥ!)፣ ፍላጻና ትልልቅ ድንጋይ የሚወረውሩ መሣሪያዎችም አሰራ። ከዛ ግን ሲበረታ ልቡ ታበየ፣ የካህናቱን ስራ ልስራ ብሎ ዕጣን ሊያጥን መቅደስ ገባ፣ ግንባሩ ላይ ለምጽ ወጣበት፣ እስኪሞት ድረስ ለብቻው በተለየ ቤት ኖረ። ሲቀብሩት ሰዎቹ ያሉት ምንድነው? "ለምጻም ነው።" በቃ። የ52 ዓመት ንግሥና በሁለት ቃል ተዘጋ።

ግን እዛው ምዕራፍ ላይ ቁጥር 22ን ዘላችሁ አትለፉት። የቀረውን የዖዝያንን ነገር፣ የፊተኛውንና የኋለኛውን፣ ነቢዩ ኢሳይያስ ጻፈው ይላል። ሕዝቡ የኋለኛውን ብቻ ነው የያዘው፣ ኢሳይያስ ሁለቱንም ጻፈ። ለምጹን አልደበቀም፣ ጉድጓዶቹንም አልረሳም። እኔ ሰውን ስለማስታወስ ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላገኘሁም።

ማራዶናን እንውሰድ። በ1986 የዓለም ዋንጫ ከእንግሊዝ ጋር ሲጫወቱ አንዱን ጎል በእጁ ነው ያገባው፣ ዳኛው አላየም። ከአራት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ከራሱ ሜዳ ተነስቶ ተጫዋቾቹን አንድ በአንድ አልፎ ሰው እስከ ዛሬ የሚያወራለትን ጎል አገባ። ያው ሰው፣ በአራት ደቂቃ ልዩነት። የትኛው ነው እሱ? ሁለቱም እሱ ነው። የሚወደው ሰው አንዱን ብቻ ያወራል የሚጠላው ሌላውን ብቻ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ አይቶ ደግሞ የሚመዝነው እኛ አይደለንም። ችሎታው ግን ከማን ነው የመጣው? ያዕቆብ በጎ ስጦታ ሁሉ ከላይ ነው ይላል (ያዕ 1፥17)፣ ሰጪውን ማመስገን የተቀባዩን ኃጢአት ማጽደቅ አይደለም።

ቦዝማን ደግሞ ሌላ ነገር አስተምሮኛል። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ በለቀቀው ቪዲዮ በጣም ከስቶ ስለታየ ያሾፉበት ሰዎች ነበሩ። ሰውየው ለካ ከ2016 ጀምሮ የአንጀት ካንሰር ይዞት በሕክምና መሃል እየሰራ ነበር፣ ለሕዝብ አልተናገረም። ያሾፉት ሰዎች ኦገስት ላይ ምን ተሰምቷቸው ይሆን?

ለዚህ ነው መሰለኝ ኢሳይያስ ጌታን ሲያይ መጀመሪያ የታየው ከንፈሩ የሆነው። ስለ ሞተው ንጉሥ አንድ ቃል አልተናገረም። "ወዮልኝ" አለ፣ ከንፈሮቼ የረከሱብኝ ሰው ነኝ፣ ከንፈሮቻቸውም በረከሱባቸው ሕዝብ መካከል እኖራለሁ አለ። ከመሠዊያው በጉጠት የተወሰደው ፍም የነካውም አፉን ነው። እኔ እንደሚመስለኝ የፊተኛውንም የኋለኛውንም በእውነት መጻፍ የሚችለው እንዲህ የተነካ አፍ ነው፣ ያልተነካ አፍ ወይ ያጋንናል ወይ ይረግማል።

ደግሞ ስማቸውን ሳናውቅ የምንጠቀምባቸው አሉ። ላሪ ቴስለር የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ በዚያው ፌብሩዋሪ በ74 ዓመቱ ሞተ፣ ኮፒና ፔስት የምንለውን ነገር ከሰሩት ሰዎች አንዱ ነው። ወገኖች፣ ስንት ጥቅስ ነው ኮፒ አድርገን የላክነው? ስንት ያዘነ ሰው ተጽናናበት? ስሙን ግን የሚያውቅ የለም። ካትሪን ጆንሰንም እንደዛው፣ በ1962 ጠፈርተኛው ጆን ግሌን ወደ ጠፈር ከመውጣቱ በፊት ኮምፒውተሩ ያወጣውን ቁጥር እሷ በእጇ እንድታረጋግጥለት ጠየቀ፣ እሷ አረጋግጣ እሱ በረረ፣ የሷን ስም ብዙው ሰው የሰማው ግን ካረጀች በኋላ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ ለብዙ ዓመታት ከመዘምራን ጋር የዘመረች ሴት ናት። እዛ መዘምራኑ መሃል ቆማ ሳስባት ደስ ይለኛል።

እንግዲህ ኢሳይያስ ከንፈሩ ከነጻ በኋላ የሰማው ድምፅ ጥያቄ ነው፣ ማንን እልካለሁ? የሚል። ንጉሥ በሞተበት ዓመት "እነሆኝ፣ እኔን ላከኝ" አለ። ይሄን ሳነብ ሁሌ ትዝ የምትለኝ በዚያው 2020 ማርች 18 በ96 ዓመቷ ያረፈችው ዶክተር ካትሪን ሃምሊን ናት። በ1959 ከባለቤቷ ከሬጅ ጋር ከአውስትራሊያ ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ ኮንትራቷ የሦስት ዓመት ነበር። በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታሉን ከፈቱ፣ በ1993 ባሏ ሞተ፣ እሷ ቀጠለች፣ ከ60,000 በላይ ሴቶች ታከሙ፣ በወሊድ ተጎድተው ሽንት አልቆም ብሏቸው ከሰው የተገለሉ ሴቶች። ዖዝያን ለብቻው በተለየ ቤት ኖረ ብለን አልነበር? እነዚህም እንደዛ ነበር የሚኖሩት፣ ያለ ጥፋታቸው። ከነሱ አንዷ ማሚቱ ጋሼ ናት። ታካሚ ሆና መጣች፣ ከታከመች በኋላ አልጋ በማንጠፍ ማገዝ ጀመረች፣ ከዛ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብታ መሣሪያ ማቀበል፣ ከዛ ሬጅ አጠገቧ ቆሞ እያሳያት፣ ትምህርት ቤት ያልገባች ሴት ራሷ ቀዶ ሐኪም ሆነች፣ ከውጭ የመጡ ዶክተሮችንም አስተማረች።