ሪያልፖሊቲክ፦ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመን

ሪያልፖሊቲክ ከምኞት ይልቅ የኃይል ሚዛንን አይቶ የሚራመድ የመንግሥት አመራር ነው። ቃሉን በ1853 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያስተዋወቀው ሉድቪግ አውጉስት ፎን ሮካው ነው። ሮካው ጨካኝ ባለሥልጣን አልነበረም፤ በ1833 በፍራንክፈርት በተሞከረው አመፅ ተሳትፎ ዕድሜ ልክ ከተፈረደበት በኋላ ከእስር ያመለጠ የነጻነት ታጋይ ነበር። በጀርመን ለነጻነትና ለአንድነት የተነሣው የ1848ቱ አብዮት ሲከሽፍ ቅን ሐሳብ ብቻውን ለምን እንዳላሸነፈ መረመረ፤ ክንድ የሌለው ሐሳብ አገር አይገዛም ከሚል ድምዳሜም ደረሰ። ይህ የቃሉ አመጣጥ መረሳቱ ያሳዝናል።

ስሙ የተጣበቀው ግን ኋላ ጀርመንን አንድ ባደረገችው መንግሥት፣ በፕሩሲያ፣ በ1862 ጠቅላይ ሚኒስትር በሆነው በኦቶ ፎን ቢስማርክ ላይ ነው። ብዙዎች የሚያስታውሱት የዘመኑ ታላላቅ ጥያቄዎች «በብረትና በደም» እንደሚፈቱ የተናገረውን ነው። እውነተኛ ችሎታው የታየው ግን ሰይፉን ወደ ሰገባው በመለሰበት ቀን ነው።

ጁላይ 3 ቀን 1866 የፕሩሲያ ጦር በኮኒግሬትዝ ኦስትሪያን ድል መታ። የቪየና መንገድ ወለል ብሎ ተከፈተ፤ ንጉሥ ቪልሄልም መግፋትና መሬት መውሰድ ፈለገ። ቢስማርክ ግን ዛሬ የተዋረደች ኦስትሪያ ነገ ከፈረንሳይ ጎን እንደምትሰለፍ ታየው። በኒኮልስቡርግ ቤተ መንግሥት ንጉሡ አሻፈረኝ ሲለው፣ ኋላ በትዝታው እንደጻፈው፣ ከአራተኛው ፎቅ መስኮት መውደቅ ይሻል ይሆን ብሎ እስከ ማሰብ ደረሰ። በዚህ መሀል ጦርነቱን ሲቃወም የቆየው አልጋ ወራሽ ገብቶ እጁን በቢስማርክ ትከሻ ላይ አኖረና አባቱን ሊያግባባ ሄደ። ንጉሡም እያመረረው መስማማቱን በእርሳስ ጻፈ። ኦስትሪያ ለፕሩሲያ ስንዝር መሬት ሳትሰጥ ታረቀች፤ በ1870 ፈረንሳይን አላገዘችም፣ በ1879 ደግሞ የጀርመን አጋር ሆነች። ቢስማርክ ለትናንሾቹ የጀርመን ግዛቶች ግን እንዲህ አልተራራም፤ ሃኖቨር፣ ሄሰ ካሰል፣ ናሳውና ፍራንክፈርት በፕሩሲያ ተዋጡ።

በ1870 ቢስማርክ ንጉሡ ከፈረንሳይ አምባሳደር ጋር ስላደረገው ንግግር ከኤምስ ከተማ የመጣውን ቴሌግራም አሳጥሮ፣ አነጋገሩም እንዲሻክር አድርጎ ለጋዜጦች ሰጠ። ፈረንሳይ በስድስተኛው ቀን ጦርነት አወጀች፤ ተሸነፈችም። በዚህ ጊዜ የኒኮልስቡርግ ትዕግሥት አልተደገመም፦ አልዛስ ሎሬን የተባለው የፈረንሳይ ግዛት ተወሰደ፣ 5 ቢሊዮን ፍራንክ ካሣ ተጣለ። ፈረንሳይ ቂም ቋጠረች።

ከዚያ በኋላ የቢስማርክ ዲፕሎማሲ ዋና ሥራ ፈረንሳይን ወዳጅ ማሳጣት ሆነ። በ1873 ከሩሲያና ከኦስትሪያ፣ በ1882 ከኦስትሪያና ከጣሊያን፣ በ1887 ደግሞ በምስጢር ከሩሲያ ጋር ተዋዋለ። የኃያላኑ ድርድር አፍሪካንም ነካ። ጣሊያን በ1889 የውጫሌን ውል አንቀጽ 17 ይዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ብላ ለመንግሥታቱ ያስታወቀችው ኃያላኑ ስለ አፍሪካ በርሊን ላይ በ1885 የፈረሙትን ስምምነት አንቀጽ 34 ጠቅሳ ነው፤ አንቀጹ ጥበቃ የሚይዝ መንግሥት ለሌሎቹ እንዲያስታውቅ ያዛል።

በማርች 1890 ወጣቱ ካይዘር (የጀርመን ንጉሠ ነገሥት) ቪልሄልም ዳግማዊ ቢስማርክን አሰናበተው። ተተኪዎቹ ከሩሲያ ጋር የነበረውን ውል ሳያድሱት ቀሩ። ቢስማርክ ሃያ ዓመት ያህል ሲከላከለው የኖረው የፈረንሳይና የሩሲያ ኅብረት በ1894 ጸና።