ቤት ውስጥ አንድ ሰው ሲታመም፦ ስለ እጅ መታጠብ የተደረጉ ጥናቶች

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ ኢትዮጵያ ውስጥ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ በየሱቁና በየባንኩ በር ቧንቧ የተገጠመለት ባልዲ ተደረደረ። ሳሙና፣ ውሃ፣ 20 ሰከንድ። ልጅ አዋቂ ሳይል ሁሉም በቃሉ ያዘው። ደጅ ታጥበን ቤት ከገባን በኋላስ? ከቤተሰቡ አንዱ ቀድሞ ቢታመም፣ እጅ መታጠብ የቀሩትን ምን ያህል ያድናቸዋል? ይሄን ጥያቄ ተመራማሪዎች ከኮቪድ በፊትም ለዓመታት ሲያጠኑት ነበር።

ቤት የተመረጠው ያለምክንያት አይደለም። ማስክ የሚወልቀው፣ ከአንድ ሳህን የሚበላው፣ ልጅ የሚታቀፈው እዚያ ነው። ለጥናትም ይመቻል። አንድ ሰው ጉንፋን ይዞት ክሊኒክ ሲመጣ ይመዘገባል፣ ቤተሰቡም በዕጣ ከአንዱ ቡድን ይመደባል። አንዱ ቡድን ሳሙናና የእጅ ሳኒታይዘር ከነአጠቃቀሙ ይሰጠዋል፣ ሌላው ማስክ ይጨመርለታል፣ ሌላው ተራ የጤና ትምህርት ብቻ ያገኛል። ከዚያ ባለሙያዎች ቤት ድረስ እየሄዱ ከአፍንጫና ከጉሮሮ ናሙና ይወስዳሉ፤ ማን ታመመ፣ መቼ ታመመ የሚለውን ይቆጥራሉ።

በዚህ መንገድ ከተሠሩት የታወቀው የሆንግ ኮንጉ ነው፤ ቤን ካውሊንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት። 259 ቤተሰቦችን ተከታተሉ። በጥቅሉ ሲታይ በቡድኖቹ መካከል አስተማማኝ ልዩነት አልተገኘም። ግን ታማሚው ምልክት ካሳየ በ36 ሰዓት ውስጥ ማስክና እጅ መታጠብ አንድ ላይ የጀመሩት ቤተሰቦች ለብቻ ሲታዩ ኢንፍሉዌንዛው በግልጽ ያነሰ ሰው ነው የያዘው። እኔ ከዚህ ሁሉ ምርምር ትልቁ ቁም ነገር ይሄ ይመስለኛል። ብዙ ቤት ጥንቃቄው የሚጀመረው ታማሚው አልጋ ከያዘ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ በሽታው አስቀድሞ ተላልፎ ሊሆን ይችላል።

ታይላንድ፣ ባንኮክ ላይም እ.ኤ.አ. የ2009ኙ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በገባበት ሰሞን፣ የታመሙ ሕፃናት ያሏቸው ቤተሰቦች ተጠንተው ነበር። እጅ መታጠቡም ማስኩም መተላለፉን አልቀነሰም። ታዲያ ሳሙና አይሠራም ማለት ነው? አይደለም። ተመራማሪዎቹ ያስቀመጧቸው ምክንያቶች ከውጤቱ በላይ ያስተምራሉ፦ ጥናቱ ሳይደርስላቸው በፊት በሽታው ተላልፎ ሊሆን ይችላል፣ ማስኩን በደንብ ያደረገው ጥቂት ሰው ነው፣ በተማሩትና ባልተማሩት መካከል የመታጠብ ልዩነቱ ትንሽ ነበር፣ ሕፃናቱም ከወላጆቻቸው ጋር በአንድ ክፍል ያድሩ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ትንፋሽ ለትንፋሽ እየተገናኙ ቀን አራት አምስት ጊዜ መታጠብ ምን ያህል ሊረዳ ይችላል?

እንግሊዝ ውስጥ የተደረገው ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ፖል ሊትል የመሩት ቡድን ከ20 ሺህ በላይ አዋቂዎችን መዝግቦ፣ ለግማሾቹ እጅ ስለመታጠብ በኢንተርኔት የሚሰጥ አጭር ትምህርት አዘጋጀላቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። በ16 ሳምንት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመተንፈሻ አካላት በሽታ ያዘን ያሉት ከተማሩት 51 በመቶ፣ ካልተማሩት 59 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም አገር ሲያክል ብዙ ሰው ነው። ትምህርቱ በኮቪድ ጊዜ ተሻሽሎ ለሕዝብ ክፍት ሆኗል። ጥናቱ ግን ድክመት አለው፦ የተቆጠረው ሰዎች ራሳቸው የተናገሩት ነው፤ የተማረ ሰው ደግሞ መማሩን ያውቃል።

የዚህ ዓይነት ጥናት ራስ ምታቱ እዚህ ላይ ነው። ሰው ስንት ጊዜ እንደታጠበ እንዴት ይታወቃል? ቢጠየቅ ይጨምራል። ተመልካች ቤት ቢቀመጥስ? ባንግላዴሽ ገጠር ውስጥ ተመራማሪዎች እንቅስቃሴ የሚመዘግብ መሣሪያ ሳሙናው ውስጥ ቀብረው ሞከሩት። ተመልካች ቤት በተቀመጠበት ቀን ሳሙናው የተነሳበት ቁጥር በ35 በመቶ ጨመረ። እንግዳ ሲመጣ ቤት ማጽዳት እኛም እናውቀዋለን።

የዚህ ዓይነት ሙከራዎች ተደምረው ሲመዘኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ድርጅት ግምገማ እጅ የመታጠብ ልማድን ማበረታታት የመተንፈሻ አካላት ሕመምን በ14 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አስቀምጧል። በላብራቶሪ የተረጋገጠ ኢንፍሉዌንዛ ብቻ ሲቆጠር ግን ውጤቱ እርግጠኛ አይደለም። ኮቪድ በዋናነት በአየር እንደሚተላለፍ ከታወቀ ወዲህ ደግሞ መስኮት መክፈትና የታማሚን መኝታ መለየት ከሳሙናው እኩል፣ እንዲያውም በላይ ሊነሱ ይገባል። ያም ሆኖ ሳሙና ለኮሮናና ለኢንፍሉዌንዛ ብቻ አይደለም። ፓኪስታን፣ ካራቺ ውስጥ በድሃ ሰፈሮች ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት፣ ሳሙና እየተሰጣቸው በየሳምንቱ በተጎበኙ ቤተሰቦች ከ5 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ የሳንባ ምች በግማሽ ቀንሷል፤ ተቅማጥም እንዲሁ። ተራው ሳሙና ደግሞ ፀረ ባክቴሪያ ከተባለው ምንም አላነሰም።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ገበታ ከመቅረቡ በፊት ማስታጠብ የቆየ ባህላችን ነው። ልጁ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ከትልቁ ጀምሮ ያስታጥባል። ይሄ ትልቅ ስንቅ ነው። የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ሳሙናው ነው፤ ካሳሉ በኋላ፣ የልጅ ንፍጥ ከጠረጉ በኋላ፣ ታማሚ ካነሱ በኋላ መታጠብም አልተለመደም። የዓለም ጤና ድርጅትና የዩኒሴፍ መረጃ እንደሚያሳየው ቤቱ ውስጥ ውሃና ሳሙና ያለው መታጠቢያ ያለው ኢትዮጵያዊ ከ10 በመቶ በታች ነው። በጀሪካን 20 ሊትር ተሸክማ የመጣች እናት ውሃውን ለወጥና ለመጠጥ ብታስቀድም ግድ የለሽ አትባልም። ብዙ ቤት ደግሞ አንድ ክፍል ነው፤ ባንኮክ ላይ የታየው እዚህም ይደርሳል። ለዚህ ነው ክዳኑ በምስማር የተበሳ ሃይላንድ ተዘቅዝቆ፣ ሳሙናው በክር ታስሮ፣ አንዱ ምድጃው አጠገብ ሌላው ሽንት ቤቱ በር ላይ ሲሰቀል ደስ የሚለኝ፤ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ሁለት ሦስት ሰው ያስታጥባል።