ቀዳሚሃ ለጽዮን፦ ስለ ሕንፃውና ስለ ዜማው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ግንቦት 11 ቀን የቅዱስ ያሬድን በዓል ካከበርን ወዲህ፣ ሊቁ በአክሱም ጽዮን ያሰማው፣ አርያም የተባለው የዜማው ቃል ከልቤ አልወጣም፦ «ቀዳሚሃ ለጽዮን ሰማየ ሣረረ፣ ወበዳግም አርአዮ ለሙሴ ዘከመ ይገብር ግብራ ለደብተራ።» አስቀድሞ የጽዮንን ሰማይ መሠረተ፣ ዳግመኛም የድንኳኗ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ለሙሴ አሳየው ይላል። ምእመናን ሆይ፣ ከካህናተ ሰማይ ዜማ የተማረው አባታችን አፉን ሲከፍት ያዜመው ስለ ሕንፃ ነው! ሙሴ ምሳሌውን በተራራ ላይ አየ (ዘጸ. 25፥40)፤ ያሬድ ማኅሌቱን በአርያም ሰማ። አንዱ ያየውን በእንጨትና በመጋረጃ፣ ሌላው የሰማውን በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ የዜማ ስልቶች አቆዩልን እንጂ ሁለቱም ከልባቸው አላመነጩም።

አባቶቻችን ቤተ ክርስቲያንን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ብለው በሦስት ከፍለው ሲያንጹ ለዜማው ስፍራውን አብረው ሰጥተውታል። ሊቃውንቱ በቅኔ ማኅሌቱ በቀኝና በግራ ተሰልፈው፣ መቋሚያውን ይዘው፣ በጸናጽልና በከበሮ እየተቀባበሉ ያመሰግናሉ። በላሊበላም በልደት በዓል ካህናቱ ከፊሎቹ በቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው የዓለቱ አፋፍ፣ ከፊሎቹ ከታች ከግቢው ቆመው «ቤዛ ኵሉ» (የሁሉ ቤዛ) ሲሉ፣ ላይኞቹ የመላእክት፣ ታችኞቹ የሰው ልጆች ምሳሌ ይሆናሉ፤ ያን ሥርዓት የሚሸከመው ዓለቱን ወደ ታች የፈለፈለው የእጅ ሥራ ነው።

የሰሎሞን ቤተ መቅደስ ታንጾ አልቆ፣ ታቦቱም ገብቶ ነበር። ደመናው ቤቱን የሞላው ግን መለከት የሚነፉትና መዘምራኑ በአንድ ቃል እግዚአብሔርን ባመሰገኑ ጊዜ ነው (2ኛ ዜና 5፥13-14)።

ይህን ሳስብ አዝናለሁ። ለጉልላቱ፣ ለእብነ በረዱና ለድምፅ ማጉያው ገንዘብ ስንለምን ዓመታት እናሳልፋለን፤ ሕንፃው ተመርቆ በዓሉ ሲደርስ ግን ማኅሌት የሚቆም ሊቅ ከሌላ ደብር እንዋሳለን። የያሬድን የዜማ መጽሐፍ ድጓን በጋይንቷ ቤተልሔም፣ የቁርባንና የፍትሐት ዜማ የሆነውን ዝማሬ መዋሥዕት በዙር አምባ፣ የማኅሌቱን የዝማሜና የከበሮ ሥርዓት አቋቋምን በጎንደር የሚማሩት ደቀ መዛሙርት እህል ለምነው፣ በጠባብ ጎጆ አድረው ብዙ ዓመት የሚደክሙት ለማን ነው? እኛ በምናሠራው ቤት ቆመው እንዲያመሰግኑልን አይደለምን? በከንቱ ውዳሴ የጀመርነው ሕንፃ እንዳለ ንስሐ እንግባ፤ በስማችን የተጻፈውን የመታሰቢያ ድንጋይ ወደን የመሪጌታውን ቀለብ ከረሳን ለራሳችን እንጂ ለእግዚአብሔር አልሠራንም።

የሕንፃ ኮሚቴ አባላት የሆናችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በዚህ ዓመት በምታጸድቁት ዕቅድ ውስጥ ከጉልላቱ አስቀድማችሁ የዜማ መምህሩን ደመወዝና የተማሪዎቹን ማደሪያ አስገቡ። በሣርና በጭቃ በተሠራች አነስተኛ ደብር የምታገለግሉ አባቶችም አትዘኑ፤ መዝሙረ ዳዊቱ ሳይታጎል፣ ማኅሌቱ ሳይቋረጥ የሚያድርባት ያች ቤት ሙሴ በተራራ ላይ ያየውን አላጎደለችም።