ጎስት ተች ምንድን ነው? ስልክ በራሱ ጊዜ ሲነካካ

ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የነካው ሰው የለም። እሱ ግን ራሱ ይከፈታል፣ ከአንዱ አፕ ወደ ሌላው ይዘላል፣ ፊደል ይደረድራል፣ አልፎ ተርፎም ለሰው ይደውላል። ይሄ ሲደርስበት ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ «ቫይረስ ገባበት» ወይም «ተጠለፍኩ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ነገሩ ጎስት ተች ነው። ስክሪኑ ሳይነካ «ተነክቻለሁ» ብሎ ለስልኩ ይነግረዋል። ስልኩም አምኖ የታዘዘውን ይፈጽማል።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለመረዳት ስክሪኑ ጣታችንን እንዴት እንደሚያውቅ ማየት ያስፈልጋል። የዛሬ ስልኮች የጣትን ግፊት አይለኩም። ከመስታወቱ ሥር ለዓይን የማይታዩ፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ስስ መስመሮች አግድምና ቁልቁል ተዘርግተዋል። ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ ከሚባል ውህድ ነው። ሰውነታችንም ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ፣ ጣት ሲያርፍ በዚያ ነጥብ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ክምችት በጥቂቱ ይለወጣል። አንድ ቺፕ መስመሮቹን በሴኮንድ 60 ጊዜና ከዚያም በላይ እየቃኘ ይህን ለውጥ ይፈልጋል። ለውጡ በጣም ትንሽ ስለሆነ ቺፑ እጅግ ንቁ መሆን አለበት። ንቁ በመሆኑም በቀላሉ ይታለላል።

እኔ ከሁሉም አስቀድሜ የምጠረጥረው ቻርጀሩን ነው።

ከግድግዳው የሚመጣው 220 ቮልት ነው። ቻርጀሩ ይህን ወደ 5 ቮልት ለማውረድ ኤሌክትሪኩን በሴኮንድ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ያበራል፣ ያጠፋል። ይህ ሥራ ኤሌክትሪካዊ ረብሻ ይፈጥራል። ጥሩ ቻርጀር ውስጥ ረብሻውን የሚያጣሩ ትናንሽ ክፍሎች አሉ። ሜክሲኮ ወይም መርካቶ መንገድ ላይ ተዘርግቶ በሚሸጠው ርካሽ ቻርጀር ግን ዋጋው የሚወርደው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያሉ ክፍሎችን በመቀነስ ነው። ረብሻው በኬብሉ በኩል ወደ ስልኩ ይገባል። ጣታችን ስክሪኑ ላይ ሲያርፍ ደግሞ በሰውነታችን በኩል መውጫ ያገኛል፤ ቺፑም ግራ ይጋባል። ጫጫታ በበዛበት ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ ማንም ሳይናገር «ወራጅ አለ» የተባለ እንደሚመስለው ማለት ነው። አንድ ምልክት አለው፦ የሐሰት ንክኪዎቹ ብዙ ጊዜ ጣታችን ባረፈበት መስመር ላይ ቀጥ ብለው ይሰለፋሉ።

ስለዚህ ጠጋኝ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ቻርጀሩን ንቀሉና ስልኩን ትንሽ ተጠቀሙበት። ችግሩ ወዲያው ከጠፋ ስክሪኑ ጤነኛ ነው። ከዚያ በፓወር ባንክ ቻርጅ እያደረጋችሁ ሞክሩ። ፓወር ባንክ ከግድግዳ ጋር ስላልተያያዘ በእሱ ሰላም ከሆነ ጥፋተኛው ቻርጀሩ ነው። ይህን ሳይጠይቃችሁ «ስክሪኑ ሞቷል፣ ይቀየር» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን አታውጡ። ጉዳዩ ከልብ ያንገበግበኛል። በርካሽ ስልክ ላይ ስክሪን ማስቀየር ከስልኩ ዋጋ ብዙም የማያንስበት ጊዜ አለ። ያንን ብር የሚከፍለው ደግሞ ሌላ ስልክ የመግዛት አቅም የሌለው ሰው ነው።

«ፎርማት ይደረግ» የሚለውም ምክር ብዙ ጊዜ አይረዳም። የሐሰት ንክኪው የሚመጣው ከስክሪኑ ወይም ከኤሌክትሪኩ ከሆነ ፎርማት አያጠፋውም። የሚጠፋው የልጆቻችሁ ፎቶ ነው።

ቻርጀር ተነቅሎም ከቀጠለ ሌላ ምክንያት ይፈለጋል። በክረምት ታክሲ ሰልፍ ላይ ዝናብ የነካው ስክሪን እስኪደርቅ ድረስ ያብዳል፤ ውሃም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና። በደንብ ያልተለጠፈ ወይም ሥሩ አቧራ የያዘ ግላስም እንዲሁ ያደርጋል፤ አንስቶ መሞከር ነው። የተሰነጠቀ ስክሪን ከሆነ መስመሮቹ ተጎድተው ሊሆን ይችላል። የስልኩ ጀርባ ካበጠ ግን ሌላ ነገር አትሞክሩ። ባትሪው አብጦ ስክሪኑን ከሥር እየገፋው ሊሆን ይችላል፤ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ቻርጅ ማድረግ አቁሙ፣ አትጫኑት፣ ባትሪውን በባለሙያ አስወጡት።

አንድሮይድ ስልክ ራሱ መመርመሪያ አለው። ሴቲንግ ውስጥ «አባውት ፎን» ገብታችሁ «ቢልድ ነምበር» የሚለውን 7 ጊዜ ንኩ። «ዴቨሎፐር ኦፕሽን» ይከፈታል። እዚያ «ፖይንተር ሎኬሽን» የሚለውን ስታበሩ ስክሪኑ ተነካሁ ያለው ቦታ ሁሉ በመስመር ይታያል። ያለ ቻርጀር፣ ያለ ጣት፣ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ መስመር የሚሰመር ከሆነ ያኔ ስክሪኑ ራሱ ታሟል። ይህ የርካሽ ስልክ ብቻ ችግርም አይደለም። በ2018 እ.ኤ.አ. አፕል ራሱ አንዳንድ አይፎን ኤክስ ስልኮች ሳይነኩ እንደሚሠሩ አምኖ ስክሪናቸውን በነፃ ቀይሯል።

ስልኩ ሲያብድ ደግሞ ቴሌብርና የባንክ አፕ ተከፍቶ እንዳይተው። የሐሰት ንክኪ የተሳሳተ ፒን ደጋግሞ አስገብቶ አካውንት ሊያዘጋ ይችላል። የማጥፊያውን ቁልፍ ተጭናችሁ ስክሪኑን ስታጠፉት ብዙ ጊዜ ጋብ ይላል። ፎቶና ስልክ ቁጥር ማዳን ከፈለጋችሁና ስልካችሁ የሚቀበል ከሆነ፣ በኦቲጂ ማገናኛ (የማውስን ገመድ ከስልኩ የቻርጅ ቀዳዳ ጋር በሚያያይዝ ትንሽ መሰኪያ) የኮምፒውተር ማውስ ሰክታችሁ ማዘዝ ይቻላል። ይህን ዘዴ ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ብዙ ነገር ግን ያድናል።

በመጨረሻ ስክሪን መቀየር ግድ ከሆነ፣ ኮፒ ስክሪን ጎስት ተቹን ይዞ ሊመጣ እንደሚችል እወቁ። አዲሱ ስክሪን በሙጫ ከመለጠፉ በፊት ተገጥሞ ይሞከር። ቻርጀር ተሰክቶበት ይሞከር፤ ቻርጀሩም ቤት የምትጠቀሙበት የራሳችሁ ይሁን።