የኤስፔራንቶ ስምና ግሥ

ኤስፔራንቶ የዓይን ሐኪሙ ሉድቪክ ዛሜንሆፍ በ1887 (እ.ኤ.አ.) ዋርሶ ላይ ያሳተመው ሰው ሠራሽ ቋንቋ ነው። ሰዋስዉ በ16 ደንቦች ተጠቃሎ ቀርቧል። ቃሉ ስም ይሁን ግሥ የሚለየው በመድረሻው ነው።

ስም ሁሉ በ«ኦ» ያልቃል፦ ሁንዶ (ውሻ)፣ ካቶ (ድመት)፣ ዶሞ (ቤት)። ለብዙ ቁጥር «ይ»፣ ለተሳቢ «ን» ይጨመራል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ብዛቱ ይቀድማል፦ ሁንዶይን። የሰዋስው ጾታ የለም።

«ን» ለአማርኛ ተናጋሪ ዘመድ ይመስላል፤ የሚያሳስተውም ይኸው ነው። በአማርኛ «መጽሐፍ አነባለሁ» ስንል «ን» አያስፈልግም፤ በኤስፔራንቶ ግን ያልታወቀውም ተሳቢ ይይዘዋል፦ ሚ ሌጋስ ሊብሮን። «ትልቁን ቤት» በሚለው ሐረጋችን አንድ «ን» ይበቃል፤ እዚያ ቅጽሉም ስሙም ይወስዳሉ፦ ላ ግራንዳን ዶሞን («ላ» የታወቀ ስምን አመልካች ነው)። «ኤስቲ» (መሆን) ከሚለው ግሥ በኋላ በሚመጣው ማሟያ ላይ ደግሞ አይገባም። በምትኩ የቃላት ቅደም ተከተል ነፃ ነው፦ «ላ ካቶን ሞርዳስ ላ ሁንዶ» ቢባልም የተነከሰችው ድመቷ ናት። ይኸው ምልክት አቅጣጫም ያሳያል። ሊ (እሱ) ኩራስ ኤን ላ ዶሞ ማለት ቤት ውስጥ ይሮጣል ነው፤ ኤን ላ ዶሞን ሲባል ግን እየሮጠ ወደ ቤት ይገባል። «አል» (ወደ) ራሱ አቅጣጫ ስለሚናገር ከእሱ በኋላ «ን» አይጨመርም።

የግሥ መድረሻዎች ስድስት ናቸው፦ «አስ» ለአሁን፣ «ኢስ» ላለፈ፣ «ኦስ» ለወደፊት፣ «ኡስ» ለሁኔታ («ቢሆን ኖሮ» ለሚባለው)፣ «ኡ» ለትእዛዝና ለምኞት፣ «ኢ» ለንዑስ አንቀጽ። ግሡ በባለቤቱ አይለወጥም፤ ስለዚህ ተውላጠ ስሙን መጣል አይቻልም። ሌጋስ ብቻውን ማን እንደሚያነብ አይነግርም። በተዘዋዋሪ ንግግር ጊዜው ተናጋሪው እንዳለው ይቀራል፦ ሊ ዲሪስ ኬ ሊ ቬኖስ (እመጣለሁ አለ)።

ከመድረሻዎቹ ይልቅ የሚከብደው ተሻጋሪነት፣ ማለትም ግሡ ተሳቢ መቀበሉ ወይም አለመቀበሉ ነው። እያንዳንዱ ሥር ተሻጋሪ ወይም ኢተሻጋሪ ሆኖ ስለተወሰነ በቃል መያዝ ይጠይቃል። ቦሊ (መፍላት) ኢተሻጋሪ ነው፤ ለማፍላት «ኢግ» ይገባል፦ ሚ ቦሊጋስ ላ አክቮን። ፌርሚ (መዝጋት) ተሻጋሪ ስለሆነ በሩ በራሱ ሲዘጋ «ኢጅ» ይፈልጋል፦ ላ ፖርዶ ፌርሚጃስ። «ፈላ» እና «አፈላ»፣ «ዘጋ» እና «ተዘጋ» የምንለውን ልዩነት የሚሸከሙት እነዚህ ሁለት ቅጥያዎች ናቸው። «ላ ፖርዶ ፌርማስ» የሚለው በሩ አንድ ነገር እየዘጋ እንዳለ ያስመስላል።

ቦዝ አንቀጾችም (ከግሥ የሚወጡ፣ እንደ ቅጽል የሚያገለግሉ ቃላት) ስድስት ናቸው፦ ለአድራጊ «አንት»፣ «ኢንት»፣ «ኦንት»፤ ለተደራጊ «አት»፣ «ኢት»፣ «ኦት»። ላ ሌቴሮ ኤስታስ ስክሪባታ ሲባል ደብዳቤው እየተጻፈ ነው፤ ስክሪቢታ ከሆነ ተጽፏል። «ሚ ኤስቲስ ሌጊንታ» (አንብቤ ነበር) ትክክል ቢሆንም ይከብዳል፤ ልምድ ያላቸው «ሚ ያም ሌጊስ» («ያም» ማለት ቀድሞውኑ) ብለው ያልፋሉ።