የምርምር ሥነ ምግባርና የተመራማሪ ተማሪዎች አማካሪነት

የምርምር ሥነ ምግባር ሲባል ተመራማሪው ለሚያጠናቸው ሰዎችና እንስሳት፣ ለሰበሰበው መረጃ፣ ለሥራ ባልደረቦቹና ውጤቱን አምኖ ለሚቀበለው አንባቢ ያለበት ግዴታ ነው። አማካሪነት ደግሞ ይህ ግዴታ ከአንዱ ተመራማሪ ወደ ሌላው የሚተላለፍበት ዋና መንገድ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ለየብቻ ይጻፋሉ፤ አንዱ በኮሚቴ ደንብ፣ ሌላው በድኅረ ምረቃ መመሪያ። እዚህ አብረው የቀረቡት ተማሪ ደንቡን ክፍል ውስጥ ቢማረውም የሚከተለው አማካሪው ሲያደርግ ያየውን ስለሆነ ነው።

ዛሬ የሚሠራባቸው ደንቦች አብዛኞቹ የተጻፉት ሰው ከተጎዳ በኋላ ነው። በእስረኞች ላይ ሙከራ ያደረጉ የናዚ ሐኪሞች ችሎት እ.ኤ.አ. በ1947 ሲፈረድ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከፍርዱ ጋር አሥር ነጥቦች ያሉት የኑረምበርግ ድንጋጌ ወጣ። የመጀመሪያው ነጥብ ተሳታፊው በራሱ ፈቃድ መስማማቱ የግድ መሆኑን ይናገራል። በ1964 የዓለም የሐኪሞች ማኅበር የሄልሲንኪን መግለጫ አጸደቀ፤ መግለጫው ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተሻሽሏል፤ በ2024ም እንደገና ታድሷል።

ደንብ መኖሩ ብቻ ግን አልበቃም። በአሜሪካ፣ አላባማ ግዛት፣ ቱስኪጊ በተባለው ስፍራ የመንግሥት የጤና ተቋም ከ1932 እስከ 1972 ድረስ ቂጥኝ ያለባቸውን 399 ጥቁር ወንዶች ሕመሙ ሳይታከም ምን እንደሚያደርስ ለማየት ሲከታተል ኖረ። ሰዎቹ ትክክለኛው ሕመማቸው አልተነገራቸውም። ፔኒሲሊን የተለመደ መድኃኒት ከሆነ በኋላ እንኳ አልተሰጣቸውም። ከሁሉ የሚከብደው ጥናቱ የተደበቀ አለመሆኑ ነው፤ ውጤቱ በሕክምና መጽሔቶች በየጊዜው ይታተም ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ባለሙያዎች እያነበቡት አለፉ። የተቋሙ ሠራተኛ የነበረው ፒተር በክስተን ከ1966 ጀምሮ ለአለቆቹ ቢያመለክትም ሰሚ አላገኘም፤ በ1972 ነገሩን ለጋዜጠኞች ካወጣው በኋላ ነው ጥናቱ የቆመው። ከዚያ በ1974 የምርምር ተሳታፊዎችን የሚጠብቅ ሕግ ወጣ፤ በ1979 የታተመው የቤልሞንት ሪፖርትም ሰውን ማክበርን፣ በጎ ማድረግንና ፍትሕን የሥራው መሠረት አደረገ። የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴዎች አሁን ያላቸው መልክ በብዙ ቦታ የዚህ ታሪክ ውጤት ነው።

ተማሪ ከኮሚቴው ጋር የሚገናኘው በአብዛኛው አንድ ጊዜ፣ ፕሮፖዛሉን ሲያስገባ ነው። መጠይቁን፣ ለተሳታፊዎች የሚሰጠውን ማብራሪያና የስምምነት ቅጹን አያይዞ ያቀርባል። ፈቃድ ሳይገኝ መረጃ መሰብሰብ አይጀመርም፤ ከተሰበሰበ በኋላ የሚጠየቅ ፈቃድም ተቀባይነት የለውም። ኮሚቴው የሚያየው ግን ወረቀት ነው። ቅጹን የሚያስፈርመው ተማሪ ማብራሪያውን ተሳታፊው በሚገባው ቋንቋ አስረድቶ፣ «በማንኛውም ሰዓት ማቋረጥ ይችላሉ» ብሎ፣ ጥያቄ ካለም ጠብቆ አስፈርሟል? ወይስ «እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» ብሎ አልፏል? ይህን የሚያውቁት ተማሪውና ተሳታፊው ናቸው። ስለዚህ ጥሩ አማካሪ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቃለ መጠይቆች አብሮ ሄዶ ይሰማል።

በመረጃ ላይ የሚፈጸሙ ጥፋቶች በተለምዶ በሦስት ይከፈላሉ፦ ያልነበረ መረጃ መፈብረክ፣ የነበረውን ማዛባትና የሌላውን ሥራ የራስ አድርጎ ማቅረብ። የአሜሪካ መንግሥት በ2000 ያወጣው ትርጓሜም የሚያስቀምጠው እነዚህኑ ነው፤ በቅንነት የተፈጠረ ስህተትን ግን ከጥፋት አይቆጥረውም። ይህ ልዩነት ለተማሪ ትልቅ ነገር ነው። ስህተቱን ተናግሮ እንደማይዋረድ የሚያውቅ ተማሪ አይደብቅም።

ዓይን ካወጣ ፈጠራ ይልቅ በየቀኑ የሚያጋጥመው ከዚህ ያነሰው ነገር ነው። ተማሪው ግራፉን ይዞ ወደ አማካሪው ቢሮ ይገባል። አሥራ አንዱ ነጥቦች በመስመሩ ላይ ተደርድረዋል። «አሥራ ሁለተኛውስ?» ሲባል «እሱ ትንሽ ስለራቀ አወጣሁት» ይላል። እዚህ ላይ አማካሪው ሁለት ነገር ሊል ይችላል። «ጥሩ፣ አሁን ጻፈው» ካለ ተማሪው የማይመች ቁጥር እንደሚጣል ተማረ፤ ማንም አላስተማረውም፣ ግን ተማረ። «ጥሬውን ፋይል ክፈተውና አብረን እንየው» ካለ ምናልባት መሣሪያው በዚያ ቀን አልተስተካከለም ይሆናል፣ ምናልባትም ከጥናቱ ሁሉ የሚደንቀው ያ ነጥብ ይሆናል። በሁለቱም ቢሆን ነጥቡ ከነምክንያቱ ይጻፋል እንጂ አይጠፋም። መላ ምትን ውጤቱ ከታየ በኋላ ቀይሮ ከመጀመሪያው እንደታሰበ አድርጎ መጻፍ፣ የፈለጉት ቁጥር እስኪወጣ ስሌቱን እየደጋገሙ መሞከርም የዚህ ወገን ናቸው።

የቤተ ሙከራ መዝገብ ሕግጋት የተሠሩት ለዚህ ነው። ቀኑ ከላይ ይሰፍራል። በእስክሪብቶ እንጂ በእርሳስ አይጻፍም። የተሳሳተው ቁጥር በአንድ መስመር ይሰረዛል፤ ከሥሩ ያለው መነበብ ስላለበት አይደመሰስም። ገጽ አይቀደድም፤ ባዶ የቀረ ቦታ በሰያፍ መስመር ይዘጋል። በኮምፒውተር ሲሠራም ዋናው ፋይል ሳይነካ ይቀመጥና ለውጡ ሁሉ በቅጂው ላይ ይደረጋል። አማካሪ መዝገቡን በወር አንድ ጊዜ እንኳ ቢያገላብጠው ብዙ ነገር ይድናል።

ነገሩ በተቃራኒው ሲሆን ምን እንደሚመጣ በኔዘርላንድስ ታይቷል። የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ፕሮፌሰሩ ዲደሪክ ስታፕል በ2011 ተጋለጠ። ሰውዬው ለተማሪዎቹ ያለቀለት የመረጃ ሠንጠረዥ ይሰጥ ነበር፤ መጠይቁን ትምህርት ቤቶች ውስጥ ራሱ እንዳስሞላ እየነገራቸው። መረጃው ግን የፈጠራ ነበር። አጣሪዎቹ በ2012 ባወጡት የመጨረሻ ሪፖርት ከ50 በላይ የታተሙ ጽሑፎችና 10 የተማሪዎች የዶክትሬት መመረቂያ ጽሑፎች በሐሰት መረጃ የተበከሉ መሆናቸውን ገለጹ፤ ተማሪዎቹ ማጭበርበሩን እንደማያውቁም አረጋገጡ። ነገሩን ያወጡት ሦስት ወጣት ተመራማሪዎች ናቸው። ለወራት ምልክቱን ሲያሰባስቡ ቆይተው ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ነገሩ። ተማሪ ጥሬ መረጃውን ራሱ መሰብሰብ ወይም ከምንጩ ማየት አለበት የሚባለው እንዲያው ለልምምድ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

የአማካሪ ሥልጣን ከመረጃም አልፎ ወደ ሰውነት ሲደርስ ደግሞ የደቡብ ኮሪያው ህዋንግ ዉ ሱክ ጉዳይ አለ። ለግንድ ሴል (ወደ ልዩ ልዩ የሰውነት ሴሎች ሊለወጥ የሚችል ሴል) ምርምሩ የማሕፀን ዘር እንቁላላቸውን ከሰጡት ሴቶች መካከል በሥሩ የሚሠሩ ሁለት ወጣት ሴቶች እንደነበሩ በ2005 አመነ። ፈቅደው ሰጥተው ይሆናል። ነገር ግን ደመወዟም ዲግሪዋም በእጁ ያለችን ሴት «እንቢ ማለት ትችያለሽ» ቢሏት ቃሉ ምን ያህል ይመዝናል? ስምምነት በፊርማ ብቻ የማይለካው በዚህ ምክንያት ነው። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ሁለቱ ታዋቂ ጽሑፎቹ በፈጠራ መረጃ የተነሣ ከመጽሔቱ ተሠረዙ።

የአማካሪና የተማሪ ግንኙነት ከሌላ የሥራ ግንኙነት የሚለየው በዚህ ጥገኝነት ነው። ጀርመኖች አማካሪን «ዶክቶርፋተር» ይሉታል፤ የዶክትሬት አባት እንደ ማለት። አባትነቱ ሞቅ ያለ ነገር አለው፤ አደጋም አለው። ርዕሱን የሚያጸድቀው፣ ገንዘቡን የሚያስገኘው፣ ጽሑፉ በፈታኞች ፊት ለመቅረብ ደርሷል የሚለው፣ በኋላም የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፈው አንድ ሰው ከሆነ ተማሪው ቅር ሲለው የት ይሄዳል? ስለዚህ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሁለተኛ አማካሪ ወይም አነስተኛ ኮሚቴ ይመድባሉ፤ በአማካሪና በተማሪ መካከል የፍቅር ግንኙነት እንዳይኖር ይከለክላሉ፣ ከተፈጠረም አማካሪው እንዲቀየር ያዛሉ። በእኔ እይታ ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድመው አማካሪ የሚይዛቸውን ተማሪዎች ቁጥር መወሰን ነው። ሃያ ተማሪ የያዘ ሰው ረቂቅ አያነብም፤ ይፈርማል እንጂ። ያላነበቡትን መፈረም ደግሞ ራሱ የሥነ ምግባር ጥፋት ነው።

በስም ጉዳይ የሚነሣው ጠብ ከሁሉ የቆየው ነው። በ1943 አልበርት ሻትዝ የተባለ ተማሪ በአማካሪው በሰልማን ዋክስማን ቤተ ሙከራ ስትሬፕቶማይሲንን አገኘ፤ መድኃኒቱ ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ትልቅ ተስፋ ሆነ። ከመድኃኒቱ ሮያሊቲ (ለግኝት ባለመብት የሚከፈል ድርሻ) ዋክስማን ገንዘብ እንደሚደርሰው ሻትዝ ሲያውቅ በ1950 ከሰሰው። በስምምነት ሲያበቃ ሻትዝ የግኝቱ ተባባሪ ባለቤት መሆኑ ታወቀለት፣ ከሮያሊቲውም 3 በመቶ ተመደበለት። በ1952 የኖቤል ሽልማቱን የወሰደው ግን ዋክስማን ብቻ ነው። ጆሴሊን ቤል በርኔልም በ1967 የዶክትሬት ተማሪ ሳለች በመቶ ሜትሮች የሚቆጠር የመመዝገቢያ ወረቀት በዓይኗ እየመረመረች የመጀመሪያውን ፑልሳር (በእኩል የጊዜ ልዩነት የራዲዮ ምት የሚልክ ኮከብ) ለየች፤ በ1974 ኖቤል የተሸለሙት ግን አማካሪዋ አንቶኒ ሂዊሽና ማርቲን ራይል ናቸው። በ2018 ሌላ ሽልማት 3 ሚሊዮን ዶላር ሲያስገኝላት ገንዘቡን በሙሉ ለፊዚክስ ተመራማሪ ተማሪዎች ሰጠችው።

የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች ኮሚቴ መመሪያ የጸሐፊነትን መስፈርት በአራት ያስቀምጣል፦ በሥራው ላይ ጉልህ ድርሻ፣ በአጻጻፉ ወይም በእርማቱ መሳተፍ፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅና ለሥራው ሁሉ ተጠያቂ መሆን። አራቱም መሟላት አለባቸው። ቤተ ሙከራውን መምራት ወይም ገንዘብ ማምጣት ብቻውን ስም አያስጽፍም፤ ምስጋና ይገባዋል። የስም ቅደም ተከተሉን በተመለከተ መነጋገር የሚገባው ግን ጽሑፉ ሲያልቅ አይደለም፤ ሥራው ሲጀመር፣ ማንም ማንንም ሳይቀየም፣ በጽሑፍ ቢቀመጥ ይመረጣል። ድርሻው ከተለወጠም ወረቀቱ ይታረማል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከመጣ ወዲህ ትላልቅ መጽሔቶች መሣሪያው በጸሐፊነት እንዳይጠቀስ ወስነዋል፤ ለጽሑፉ ተጠያቂ መሆን ስለማይችል። ተማሪ ከተጠቀመበት ለምን እንደተጠቀመበት ይገልጻል፤ የሚጠቅሳቸውን ምንጮች ደግሞ አንድ በአንድ ከፍቶ ያነባቸዋል፣ መሣሪያው የሌለ ጽሑፍ ፈጥሮ ሊሰጥ ይችላልና።

ጥፋት ያየ ተማሪ አቤቱታውን ለአማካሪው አለቃ ወይም ለተቋሙ የምርምር ሐቀኝነት ኃላፊ ያቀርባል። የመጀመሪያ ማጣሪያ ተደርጎ ነገሩ መሠረት ካለው ምርመራ ይከፈታል፤ የሁለቱም ወገን ስም ምርመራው እስኪያልቅ በምሥጢር ይያዛል። ደንቡ እስከዚህ ድረስ በአብዛኛው ግልጽ ነው። የማይጻፈው በመካከል ተማሪው ምን እንደሚሆን ነው። ምርመራ ወራት ይፈጃል፣ የምርምር ገንዘብ ጊዜ አለው፣ መረጃው ሁሉ አጠራጣሪ ከሆነም ሦስት ዓመት የደከመበት ምዕራፍ አብሮ ይወድቃል። ተቋሙ አዲስ አማካሪ፣ የጊዜ ማራዘሚያና ገንዘብ አስቀድሞ ካላዘጋጀ የአቤቱታ ቅጹ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፤ ተማሪውም አሥራ ሁለተኛውን ነጥብ አውጥቶ መጻፉን ይቀጥላል።