አሸንዳው ወይስ አዲሱ ሕንጻ፦ በውስን በጀት ቅድሚያ ስለ መስጠት

የጣሪያ አሸንዳ በቅጠል ይደፈናል። ውኃው መውረጃ ሲያጣ ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ መጀመሪያ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ይታያል፣ ቀጥሎ ቀለሙ ይላላጣል፣ እርጥበቱ ወደ ኤሌክትሪክ ገመዱ ይዘልቃል፣ በመጨረሻ የጣሪያው እንጨት ይበሰብሳል። አንድ መሰላልና ግማሽ ቀን ይበቃው የነበረ ሥራ ከዓመታት በኋላ የጣሪያ ቅየራ ሆኖ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ስሙ ጥገና መሆኑ ቀርቶ የካፒታል ፕሮጀክት ይባላል።

ጥገና አብዛኛውን ጊዜ ከመደበኛ በጀት ይከፈላል። አዲስ ግንባታ፣ ማስፋፊያና ዕድሜውን የጨረሰን አካል መተካት ደግሞ በካፒታል በጀት ይያዛሉ። ጥገናን የዘለለ ተቋም በመጀመሪያው መዝገብ ላይ ቆጣቢ ይመስላል፤ ዕዳው የሚታየው በሁለተኛው ነው፣ ያውም ብዙ ጊዜ ኃላፊው ከተቀየረ በኋላ። ለምርቃት ሪባን የሚቆረጥለት አሸንዳ ደግሞ የለም።

የዕዳውን መጠን ለማወቅ የተለመደው ስሌት፣ ሳይሠራ የተንከባለለውን ጥገና ወጪ ሕንጻውን ዛሬ እንደ አዲስ ለመሥራት ለሚጠይቀው ዋጋ ማካፈል ነው። ውጤቱ ከ5 በመቶ በታች ከሆነ ይዞታው ጥሩ፣ ከ5 እስከ 10 መካከለኛ፣ ከ10 በላይ ደካማ ይባላል። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ1990 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት ለጥገና በየዓመቱ ከመተኪያው ዋጋ ከ2 እስከ 4 በመቶ እንዲመደብ ይመክራል። ስሌቱ ግን ቤቱ ውስጥ ምን እንዳለ አይጠይቅም። 12 በመቶ ያስመዘገበ ባዶ መጋዘን፣ 6 በመቶ ላይ ካለና የመጠባበቂያ ጄኔሬተሩ ከሚያስቸግር ሆስፒታል ሊቀድም አይገባም። ለዚህም ነው የብልሽቱ ዕድል በሚያስከትለው ጉዳት እየተባዛ ነጥብ የሚሰጠው። ነጥቡም ቢሆን ይጠመዘዛል፦ ሁሉም ክፍል የራሱን ጥያቄ «እጅግ አስቸኳይ» ይለዋል።

ለሰሚው ግራ የሚያጋባው የመንገድ ጉዳይ ነው። በጣም የተበላሸውን ማስቀደም ፍትሐዊ ይመስላል፤ ሆኖም ያ መንገድ አንዴ እንደ አዲስ መሠራት ስለሚኖርበት ቢቆይ ወጪው ብዙም አይጨምርም። ገና መሰንጠቅ የጀመረው አስፋልት ግን ስንጥቁ ካልተደፈነ ውኃ ወደ መሠረቱ ሰርጎ ያፈርሰዋል። የዓለም ባንክ በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣው የልማት ሪፖርት፣ በአፍሪካ 12 ቢሊዮን ዶላር በወቅቱ ለመንገድ ጥገና ቢውል ኖሮ ከሪፖርቱ በፊት በነበሩት አሥር ዓመታት ለመልሶ ግንባታ የወጣ 45 ቢሊዮን ዶላር ይድን ነበር ብሏል። በጉድጓድ መካከል ለሚኖር ነዋሪ ይህን ማስረዳት ቀላል አይደለም።

ሕይወትን ለአደጋ የሚያጋልጥ ጉድለት ከዚህ ሁሉ ስሌት ይቀድማል፤ አስቀድሞ ከታየ። በአሜሪካ የኦሃዮ ወንዝን ያሻግር የነበረው ሲልቨር ድልድይ ታኅሣሥ 1967 እ.ኤ.አ. ተደርምሶ 46 ሰዎች ሞተዋል። መነሻው በአንድ የብረት ዘንግ ማያያዣ ውስጥ የተደበቀ፣ መገጣጠሚያው ሳይፈታ በዓይን የማይታይ ትንሽ ስንጥቅ ነበር። አገሪቱ ወጥ የድልድይ ፍተሻ መስፈርት ያወጣችው ከዚያ በኋላ በ1971 እ.ኤ.አ. ነው።